የቡና አበባ በሚዛን ተፈሪ ምድር
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



የአበባ ትርዒት በብዙ አገሮች የቆየ ልማድ ነው። የእንግሊዝ ንጉሣዊ የአትክልት ማኅበር በለንደን ከተማ፣ ቼልሲ በተባለው ሰፈር ትርዒቱን ማሳየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1913 ሲሆን፣ በጦርነትና በወረርሽኝ ምክንያት ከተቋረጠባቸው ዓመታት በቀር እስከ ዛሬ ዘልቋል። እንዲህ ያለው ትርዒት ሦስት ተግባራትን ያከናውናል። ተክሉን ለሕዝብ ያሳያል፤ ስሙንና የትውልድ ስፍራውን በግልጽ ጽፎ ያስቀምጣል፤ አሳዳጊውንም ያስመሰግናል። ከሦስቱ አንዱ የጎደለ እንደ ሆነ ትርዒቱ ለዓይን ደስታ ብቻ ይሆናል።

በአውሮፓ የአትክልት ስፍራዎች ከሚደነቁት ተክሎች መካከል የኢትዮጵያ ተወላጆች ይገኛሉ። ልቡ ሐምራዊ የሆነው መዓዛማ ነጭ ግላዲዮለስ በአበባ ነጋዴዎች ዘንድ በአቢሲኒያ ስም ይሸጣል። እንሰትም ቅጠሉ ሰፊና ግርማ ያለው በመሆኑ ለጌጥ ይተከላል፤ ክረምቱንም ከብርድ ተጠብቆ ያሳልፋል። በሚዛን ተፈሪ አካባቢ ግን እንሰት የጓሮ ጌጥ ብቻ ሳይሆን የቤተሰብ ቀለብ ነው። በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞት ስለሆነ፣ ባለቤቱ አበባውን በጉጉት የሚጠብቅ ሳይሆን ለቆጮ የሚደርስበትን ጊዜ የሚቆጥር ነው።

ከሚዛን ተፈሪ ወደ በበቃና ወደ ቴፒ በሚወስዱት መንገዶች ዳርና ዳር ያሉት ጓሮዎች በር የሌላቸው የትርዒት አዳራሾች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከላይ ዋንዛና ብሳና ጥላ ይጥላሉ። ከሥራቸው ቡናው፣ ከቡናው አጠገብ እንሰቱና ጎደሬው ይቆማሉ። ከሁሉ ዝቅ ብሎ ኮረሪማ አበባውን ከግንዱ ጫፍ ሳይሆን ከሥሩ፣ ከመሬቱ አጠገብ ያወጣል። ጎንበስ ብሎ የማይመለከት መንገደኛ ሳያየው ያልፋል።

የዚህ ምድር ታላቁ ትርዒት ግን የቡናው አበባ ነው። የቡና እምቡጥ የበጋውን ድርቀት ተኝቶ ያሳልፋል። በአብዛኛው በየካቲትና በመጋቢት የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ሲወርድ ይነቃል፤ ከዚያም ስምንት እስከ ዐሥር በሚሆኑ ቀናት ውስጥ አብቦ ይታያል። በየአንጓው እጅብ ብሎ የሚወጣው ነጭ አበባ መዓዛው ጠምበለልን ያስታውሳል፤ ንቦችም ከዛፍ ዛፍ ይመላለሱበታል። ይህ ሁሉ ውበት የሚቆየው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ብቻ ነው። አበባው ረግፎ ፍሬው እስኪቀላ ድረስ ደግሞ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ወር ይፈጃል።

ለባለሙያ ዓይን ይህ አበባ የዓመቱን ሥራ አስቀድሞ የሚናገር መልእክተኛ ነው። ዝናቡ በአንድ ጊዜ በቂ ሆኖ ከወረደ ማሳው በአንድነት ያብባል፤ ለቀማውም ይቀልላል። ዝናቡ ጥቂት በጥቂት እየተቆራረጠ የጣለ እንደ ሆነ ግን አበባውም በየተራ ይወጣል። ከዚህም የተነሣ በአንዱ ቅርንጫፍ ላይ ቀይና አረንጓዴ ፍሬ ይደባለቃል፤ ገበሬውም ያንኑ ዛፍ ደጋግሞ ለመልቀም ይገደዳል።

እንግዲህ ከሦስቱ የትርዒት ተግባራት በዚህ ምድር የተሟላው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ተክሉ ይታያል፤ ስሙ አይጻፍም፤ አሳዳጊውም አይመሰገንም። ይህ ጉድለት የሚያስከትለውን ዋጋ የጌሻ ቡና ታሪክ በሚገባ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተወሰደው ዘር በኬንያና በታንጋኒካ በኩል አልፎ፣ እ.ኤ.አ. በ1953 ኮስታ ሪካ ደረሰ፤ ከዚያም ወደ ፓናማ ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ2004 በፓናማ የቡና ውድድር አንደኛ ሲወጣ ዓለም አደነቀው። ስሙ ግን በጉዞው ላይ ፊደሉ ተዛብቶ የጃፓን ቃል መስሎ ነበር። ሽልማቱን የተቀበለው የፓናማው እርሻ ነው፤ ለዘመናት ዘሩን በጥላ ሥር ጠብቆ ያቆየው የደን ገበሬ ስሙ በየትኛውም መዝገብ አልተጻፈም።

ዩኔስኮ የከፋን ደን እ.ኤ.አ. በ2010፣ የሸካን ደን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 በባዮስፌር ጥብቅነት መዝግቧል። ይሁን እንጂ መዝገብ ብቻውን ጓሮን አይጠብቅም። ጥላው ዛፍ ተቆርጦ ጓሮው ለአንድ ዐይነት ተክል ብቻ ሲለቀቅ፣ ስሙ ያልተጻፈው ዘር ማንም ሳያውቀው ይጠፋል። የጠፋውንም የሚጠይቅ አይኖርም፤ ስም የሌለው ነገር አይፈለግምና።

ስለዚህ ለማኅበሩ የሚቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በሚዛን ተፈሪ ወይም በቴፒ በየዓመቱ የቡና አበባ ትርዒት ይታይ። አዳራሽ መሥራት አያስፈልግም፤ ፈቃደኛ የሆኑ ገበሬዎች ጓሮ ይበቃል። በቴፒ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከልና የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ከየባለ ጓሮው ጋር እየዞሩ የእያንዳንዱን ዘር የአካባቢ ስም፣ የተገኘበትን ስፍራና የአሳዳጊውን ስም፣ በፈቃዱ፣ ጽፈው ያኑሩ። ጎብኚውም ያደነቀውን ተክል በስሙ አውቆት ይመለስ።

የትርዒቱን ቀን አስቀድሞ በቀን መቁጠሪያ ላይ ማስፈር አይቻልም ይባል ይሆናል። እርግጥ ነው፤ ቀኑን የሚወስነው ዝናቡ ነው። ነገር ግን ዝናቡ ከወረደ በኋላ አበባው እስኪፈካ ያለው አንድ ሳምንት ያህል ጊዜ መዝገቡን ለማዘጋጀትና እንግዶችን ለመጥራት ይበቃል።