የማዕዳችን እህል ከየት ይመጣል?

(በተማሪዎች ኅብረት ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




ዛሬ በፊታችሁ የምናቀርበው ጉዳይ ሁላችንም በየቀኑ በእጃችን የምንነካው ነው። ጠዋት ከሻይ ጋር የሚታደለን ዳቦ፥ ማታ የሚቀርብልን መኮሮኒ፥ ስንዴው የበቀለው በማን ማሳ ነው? የአገር ውስጥ እህል እንዲመረትና እንዲበላ መንግሥት ባለፉት ዓመታት ብዙ ደክሟል። እኛም ተምረናል የምንል ሰዎች ይህን ድካም በጭብጨባ ብቻ ወይም በፌዝ ብቻ ከማለፍ ይልቅ፥ መርምረን የሚመሰገነውን ልናመሰግን፥ የሚታረመውንም ልናመለክት ይገባናል።

በመጀመሪያ ነገሩ አዲስ እንዳልሆነ እናስታውስ። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በአርሲ ጠቅላይ ግዛት፥ በጭላሎ አውራጃ፥ በስዊድን መንግሥት ርዳታ ካዱ የተባለ የእርሻ ልማት ድርጅት ተቋቁሞ ምርጥ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ ለገበሬው በብድር ያቀርብ ነበር። ምርቱም በእውነት ጨመረ። ነገር ግን ስንዴ ትርፍ እንደሚያስገኝ ያዩ ባለመሬቶች ትራክተር እያስገቡ ብዙውን ጭሰኛ ከሚያርሰው መሬት አፈናቀሉት። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት የዚያ ዘመን ተማሪዎች ምን ይሉ እንደ ነበር ጭላሎ በተግባር አስረዳ። ከዚህ የምንማረው የእህል መብዛት ብቻውን እንደማይበቃ፥ የበዛውን ማን እንደሚበላው መጠየቅ እንደሚገባ ነው።

ወደ ዘመናችን እንመለስ። የሩሲያው የዕፀዋት ሊቅ ቫቪሎቭ በ1927 እ.ኤ.አ. ወደዚህ መጥቶ የስንዴ ዐይነቶቻችንን ሰብስቦ፥ አገራችንን ከዓለም የሰብል መፍለቂያዎች አንዷ አድርጎ ቈጥሯታል። ይሁን እንጂ ይህችው አገር እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በዓመት ከ10 ሚሊዮን ኩንታል በላይ ስንዴ በግዢና በርዳታ ከውጭ ታስገባ ነበር። በየካቲት 2014 ዓ.ም. በዩክሬን ጦርነት ሲነሣ የዳቦ ዋጋ በኛም ከተሞች የተሰማው ስለዚህ ነው። የሩቅ ሰው ጠብ የራሳችንን ሌማት ነካው።

መንግሥት ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋሽና በዋቢ ሸበሌ ተፋሰሶች፥ በአፋርና በሶማሌ ቆላ፥ በኋላም በሌሎች ክልሎች በመስኖ የበጋ ስንዴ ማዝራቱ ከዚህ ጥገኝነት ለመውጣት ነው። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የሌማት ትሩፋት በሚል ስም የወተት፥ የዕንቁላል፥ የዶሮ፥ የማርና የዓሣ ምርትን በየቤተ ሰቡ ለማስፋፋት ሥራ ተጀመረ። ዐሳቡን እንደግፋለን። ሐሩር ነው፥ ስንዴ አያበቅልም ይባል የነበረው ቆላ ስንዴ ማብቀሉ ትንሽ ነገር አይደለም።

ነገር ግን በዚያው በ2015 ዓ.ም. የሆነውን ሁለት ነገር ጎን ለጎን እንይ። በየካቲት ስንዴ ወደ ውጭ መላክ መጀመሩ ተበሠረ። በሰኔ ደግሞ የዓለም ምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካ መንግሥት፥ የርዳታ እህል ለተረጂው ሳይደርስ ወደ ሌላ ይሄዳል በማለት ለአገራችን የሚሰጡትን የምግብ ርዳታ አቋረጡ፤ የብዙ ሚሊዮን ወገኖቻችንም ቀለብ ቆመ። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» እንዳይባልብን፥ እህል ላኪ ከመባል በፊት የወገን ረኀብ መቅደም ነበረበት። መንግሥት የሚገልጸው የስንዴ ምርት አኃዝና የአሜሪካ እርሻ ሚኒስቴር ግምትም በሰፊው ይራራቃሉ። በልክ ያልተሰፈረ ጎተራ ደግሞ ለቀጣዩ ዓመት አያስተማምንም።

ከዚህ ቀጥሎ ሦስት ነጥቦች እናነሣለን።

አንደኛው ዋጋ ነው። ገበሬው ዕዳውን ለመክፈል እህሉን የሚሸጠው በመከር ጊዜ፥ ዋጋ ሲወድቅ ነው። የከተማውን ዳቦ ለማርከስ ተብሎ የገበሬው ዋጋ ከተጫነ፥ ገበሬው በሚመጣው ዓመት ስንዴውን ትቶ ሌላ ይዘራል። የአገር እህል የሚበረታታው በመፈክር ሳይሆን በመከር ቀን በሚከፈል ተገቢ ዋጋ ነው።

ሁለተኛው ዘርና ማዳበሪያ ነው። በ2006 ዓ.ም. በባሌና በአርሲ በሰፊው የተዘራውን ዲገሉ የተባለ የስንዴ ዝርያ የግንድ ዋግ መትቶ ብዙ ማሳ አጥፍቷል። በአንድ ዝርያ ላይ ተስፋን ሁሉ መጣል ምን እንደሚያመጣ ያን ጊዜ ታየ። ማዳበሪያውንም እስከ አሁን የምንገዛው ከውጭ በውጭ ምንዛሪ ነው። ስለዚህ የስንዴውን ጥገኝነት በማዳበሪያ ጥገኝነት ለውጠን ነጻ ወጣን ልንል አንችልም።

ሦስተኛው፥ እህል ማለት ስንዴ ብቻ አለመሆኑ ነው። እንሰት በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ወደ 20 ሚሊዮን የሚደርስ ሕዝብ ይመግባል። በጓሮ ቆሞ ለዓመታት ስለሚቆይ ዝናብ ሲጠፋም ባለቤቱን አይከዳም። የጤፍም ነገር እንዲሁ ነው። የደብረ ዘይት ተመራማሪዎች በ1998 ዓ.ም. ያወጡት ቁንጮ የተባለው ዝርያ፥ ለአገር ሰብል የተደከመ ድካም ፍሬ እንደሚሰጥ አሳይቷል። ለስንዴ የተሰጠው ትኩረት ለእንሰት፥ ለገብስና ለማሽላም ቢሰጥ ምን ይገኝ ነበር?

ወንድሞችና እኅቶች፤ መንግሥትን ብቻ ወቅሰን ብንቀመጥ ግን ፍርዱ አይቀናም። ከኛ መካከል ቆጮና ቂንጬን የድኻ ምግብ፥ ፓስታን የሥልጡን ምግብ አድርጎ የሚቈጥር አለ። የምግብ አዳራሹንም እንደ ምጽዋት እንመለከተዋለን፤ ዳሩ ግን በወጪ መጋራት ሕግ ነገ ከደመወዛችን የምንከፍለው ዕዳ ነው። ገዢዎቹ እኛ ነን። በሺህ የሚቈጠር ተማሪ የሚመግብ ወጥ ቤት ደግሞ ለአካባቢው ገበሬ ከየትኛውም መፈክር የሚበልጥ ገበያ ነው።

ስለዚህ ኅብረቱ ሦስት ነገር እንዲወስን እናሳስባለን። የመጀመሪያው፥ የምግብ አዳራሹ እህልና ጥራጥሬውን ከየት በስንት ብር እንደሚገዛ በየወሩ በሰሌዳ እንዲለጠፍ ነው። ሁለተኛው፥ ቢያንስ ሽሮው፥ ምስሩና ገብሱ ከአካባቢው የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት፥ ከዘር ወቅት በፊት በሚደረግ ውል እንዲገዛ፥ በሳምንትም ሁለት ማታ መኮሮኒው ባገር ምግብ እንዲተካ ነው። ሦስተኛው፥ የእርሻና የኤኮኖሚክስ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በዚሁ ውል ላይ እንዲሠሩ፥ ገበሬው በእርግጥ ተጠቅሞ እንደ ሆነ እየመረመሩ እንዲያስታውቁን ነው። መምህራኖቻችንም በዚህ እንዲመሩን በትሕትና እንለምናለን።

ጭላሎ ያመረተው ስንዴ ጭሰኛውን አላጠገበም። የዛሬው ስንዴ ያመረተውንም የተራበውንም እንዲያጠግብ፥ ከደጃችን ያለውን ሥራ ከዚህ ስብሰባ እንጀምር።