ደቀሉን ከማቆማችን በፊት



«ደቀል» የምትለዋን ቃል ያገኘናት ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ የመርከብ ሸራ የሚሰቀልበት ምሰሶ ማለት ናት። የጣና ታንኳ በቀዘፋ እንጂ በሸራ ስለማይሄድ ቃሏ ያለ ሥራ ቆይታለች። እኔም ሥራ የሰጠኋት ሲያትል ውስጥ፣ በዋሽንግተን ሐይቅ ዳር፣ ሌዘር የምትባል ያገለገለች የሸራ ጀልባ የገዛሁ ዕለት ነው።

ሌዘር የጀልባ ነዳፊው የብሩስ ኪርቢ ንድፍ ናት። እ.ኤ.አ. በ1971 ገበያ ላይ ዋለች፤ ከ1996 ጀምሮም ለኦሎምፒክ በቃች። ርዝመቷ 4.2 ሜትር፣ የባዶ አካሏ ክብደት 59 ኪሎ፣ ተሳፋሪዋም ሸራዋም አንድ ነው። ደቀሏን ግራና ቀኝ የሚወጥር ሽቦ የላትም። ሁለት ቱቦዎች ይሰካካሉ፣ ሸራው እንደ ካልሲ ይጠለቅባቸዋል፣ ከዚያ ደቀሉ ወለሏ ላይ ባለው ጉድጓድ ይቆማል። ለጀማሪ የምመርጣትም ስለዚህ ነው።

ያገለገለች ሌዘር የሚገዛ ሰው ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ሸራው ላይ ነው። ሸራ ይለወጣል። እናንተ ግን ያን ጉድጓድ እዩት። ውኃ ሙሉበት፣ ልኩ ላይ ምልክት አድርጉና ጠብቁ። ውኃው ከጎደለ ወደ ጀልባዋ ሆድ እየሰረገ ነው። ነፋስ ሲበረታ የደቀሉ ጉልበት ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ነውና፣ ዛሬ ጠብታ ያሳለፈ ስንጥቅ ነገ ወለሉን ይገነጥላል። የላይኛውን ቱቦም እዩ፤ ሪቬት በተመታበት ቀዳዳ ዙሪያ ከተበላ የሚሰበረው በዚያው ነው።

ስለ ገመዶቹ አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ። የቀድሞው ባለቤት ያሰረውን ሁሉ ፎቶ አንሥቼ እንዳለ ገለበጥሁ። ሰውየው ለካ ደቀሉን ከጀልባዋ ጋር የምታያይዘውን ቀጭን ገመድ ከነጭራሹ አላሰራትም! በሁለተኛው ቀን ስገለበጥ ደቀሉ ከጉድጓዱ ሾልኮ ወጣ። ቱቦው፣ ሸራውና ገመዱ ተጠላልፈው ሲንሳፈፉ፣ እኔ የተገለበጠችው ጀልባ ጀርባ ላይ ተቀምጬ በሐይቁ ተንሳፋፊ ድልድይ የሚያልፉትን መኪኖች እቆጥር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ገመድ ስይዝ «የት ይታሰራል?» አልልም፤ «ምን ይስባል?» ነው የምለው። አንዱ የሸራውን ግርጌ ወደ ኋላ ይወጥራል። አንዱ ቡም የሚሉትን አግዳሚ እንዳይነሣ ወደ ታች ይይዘዋል። አንዱ የሸራውን የፊት ጠርዝ ቁልቁል ይጎትታል። ዋናው ገመድ በእጃችሁ ሆኖ ሸራውን ያስጠጋል፣ ያርቃል፤ ጫፉን በስምንት ቁጥር ቋጠሮ ካላሰራችሁት ከመዘውሩ ሾልኮ ያመልጣችኋል። የመሪው እጀታም ከኋላ ከተዘረጋው ተሻጋሪ ገመድ በታች ይለፍ። በላይ ካሳለፋችሁት ስትዞሩ ይያዛል፤ እኔ አሳልፌ አይቼዋለሁ።

ደቀሉን ስታቆሙ የጀልባዋ አፍንጫ ወደ ነፋሱ ይሁን። ቀና ብላችሁም ሰማዩን እዩ፤ ደቀሉ 6 ሜትር ገደማ ነው፣ አሉሚኒየምና የኤሌክትሪክ ሽቦ ደግሞ ቀልድ አያውቁም። የውኃ ማፍሰሻዋን መድፈኛ መርሳትን አልቆጥረውም፤ ሁሉም ሰው አንድ ጊዜ ይረሳዋል።

የእኔዋ ከአዳራሹ ጀርባ ተጎታች ላይ ናት፤ በላይዋ ሽቦ እንደሌለ አይቻለሁ። ዝናቡ እንዳባራ ሁለት ሰዎች ደቀሉን ለማቆም ያግዙኝ።