ከድግሪ በታች የሆነ ሥራ ሲገኝ፦ ይያዝ ወይስ ይቅር?

(በማኅበራችን የእሑድ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ ላይ አንዲት እናት ተነሥተው የጠየቁትን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ልጃቸው በአካውንቲንግ ተመርቃ ዓመት ሊሞላት ነው። አሁን አንድ ትልቅ ሱቅ በገንዘብ ተቀባይነት ሊቀጥራት ጠርቷታል፤ ማስታወቂያው የሚጠይቀው ግን 12ኛ ክፍል ብቻ ነው። «ትግባ ወይስ ትጠብቅ?» ነበር ያሉት። ያን ዕለት አዳራሹ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ሥራ ሥራ ነው፣ ትግባ» አለ፤ ግማሹ «ለዚህ ነው እንዴ 16 ዓመት የተማረችው?» አለ። ኮሚቴው ነገሩን አስቤበት እንድመለስ አደራ ሰጥቶኛል፤ በሠራተኛ አስተዳደር ሥራ ላይም ረዘም ላለ ጊዜ ቆይቻለሁና የማውቀውን ልንገራችሁ።

ሥራው ከትምህርቷ በታች መሆኑ የታወቀ ነው፤ በዚያ ላይ ስንከራከር ብንውል ጊዜ ማባከን ነው። መታየት ያለበት ከዚያ ሥራ መውጫ በር አለ ወይስ የለም የሚለው ነው።

ይሉኝታውን ቶሎ እንለፈው። የሰፈራችን ልጅ ዋሽንግተን ሄዶ ታክሲ ሲነዳ ወይም መኪና ማቆሚያ ሲጠብቅ፣ ኢንጂነርም ይሁን መምህር፣ ፎቶግራፉን ሳሎን ሰቅለን ለእንግዳ እናሳያለን። ያው ልጅ እዚሁ ታክሲ ቢነዳ ግን «ተምሮ ምን አተረፈ» እንላለን። በ2000ዎቹ ዓ.ም. ኮብልስቶን ሲመጣም ተመራቂ ድንጋይ ጠረበ ተብሎ ስንት ቀልድ ተቀለደ! ዛሬ በዚያው ድንጋይ ላይ ጭቃ ሳንረግጥ እንሄዳለን።

እኛ ወላጆች የምንበሳጨው ግን ያለ ምክንያት አይደለም። በደርግ ዘመን ከዩኒቨርሲቲ የወጣውን መንግሥት ራሱ ይመድበው ነበር። ተመራቂውን የሚያሳስበው ሥራ ማግኘቱ ሳይሆን የሚመደብበት አገር መራቁ ነበር። ዩኒቨርሲቲዎቹም በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ሆነዋል፤ መዳቢ ግን የለም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና ተጨምሯል። በዚያን ጊዜ ድግሪ ሥራ ያስገኝ ነበር፤ አሁን ለውድድር ያስመዘግባል። ልጆቻችንን ስንቆጣ ይኸን ብናስብ መልካም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ይኸውም ወረቀቱ ነው። አራት ኪሎ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆማችሁ ብታነቡ፣ ወይም ልጆቹ በቴሌግራም የሚያዩትን ብትጠይቋቸው፣ «አግባብ ያለው የሥራ ልምድ» የሚል ቃል አይጠፋም። አግባብ ያለው ማለት ከተማሩት ሙያ ጋር የሚገናኝ ማለት ነው። ስለዚህ ከድግሪ በታች የሆኑ ሥራዎች ሁሉ እኩል አይደሉም። አካውንቲንግ ለተማረ ሰው ገንዘብ ተቀባይነት ከእንግዳ ተቀባይነት ይልቅ ለሙያው ይቀርባል፤ የንብረት መዝጋቢነትም ከሽያጭ ሠራተኝነት ይልቅ ይቀርባል። ደመወዙ በጥቂቱ ቢያንስ እንኳ ወደ ሙያው የሚጠጋውን መያዝ ይሻላል ባይ ነኝ።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ሠራተኛው ሲጠይቅ ወይም ውሉ ሲቋረጥ፣ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና የደመወዙን መጠን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። «የሥራውን ዓይነት» የሚለውን ልብ በሉልኝ። አብዛኛውን ጊዜ ኋላ በደብዳቤው ላይ የሚሰፍረው መጀመሪያ በውሉ ላይ የተጻፈው ነው። ልጅቷ ማታ ማታ የቀኑን ሒሳብ የምታስታርቅ፣ ደረሰኝም የምትመዘግብ ከሆነ ይኸው በውሉ ውስጥ ይግባላት። ከሁለት ዓመት በኋላ «እኔ እኮ ሒሳብም እሠራ ነበር» ብትል የሚሰማት የለም።

ሌላም አለ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ማስታወቂያ ሲያወጡ፣ ከግል ድርጅት የሚቀርብ የልምድ ማስረጃ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ እንዲረጋገጥ የሚጠይቁበት ጊዜ ብዙ ነው። ደመወዝ በእጅ እየሰጠ ከመዝገብ ውጪ በሚያሠራ ነጋዴ ዘንድ ሦስት ዓመት የቆየች ልጅ እዚያ መስኮት ስትደርስ ምንም እንዳልሠራች ትቆጠራለች። ስለዚህ ገና ስትገባ «ግብር ይቆረጣል ወይ? ጡረታስ?» ብላ ትጠይቅ። ለጡረታ ከ100 ብር ደመወዝ ላይ 7 ብር ከሠራተኛው ይቆረጣል፤ አሠሪው ደግሞ 11 ብር ይጨምራል። ልጆቻችን «ለምን ይቆረጥብኛል» እያሉ ያጉረመርማሉ፤ ቆይቶ መሥራታቸውን የሚመሰክርላቸው ግን ያ የተቆረጠው ነው።

ጊዜውም ይታይ። በአዋጁ መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። ሱቆች ግን ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት ሲያሠሩ እናያለን፤ 12 ሰዓት መሆኑ ነው። እንዲህ የምትውል ልጅ መቼ ማመልከቻ ትጽፋለች? ፈተናውና ቃለ መጠይቁ እንደሆነ በሥራ ቀን ነው። በፈረቃ የሚያሠራ ቤት ከተገኘ ግማሽ ቀን ይተርፋታልና ይመረጥ። የመጓጓዣውንም ነገር ቁጭ ብላችሁ አስሉ። ለመሄድ ሁለት ታክሲ፣ ለመመለስ ሁለት ታክሲ ከሆነ በወር 26 የሥራ ቀን 104 ጊዜ ተሳፈረች ማለት ነው። ከዚያ ላይ ምሳ አለ። ከደመወዙ የሚተርፈው ምን ያህል እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቅ።

ይኸኛው ደግሞ እኛን ጎረቤቶችን በቀጥታ ይነካናል። ገንዘብ ወይም ንብረት የሚያስይዝ ሥራ ብዙውን ጊዜ ዋስ ይጠይቃል። ዋስ የሚሆነው ማነው? ደመወዝተኛ የሆነ አጎት፣ ወይም እዚህ የተቀመጣችሁት እናንተ ናችሁ። ሰው «ዋስ ሁነኝ» ሲባል ይሉኝታ ይይዘውና ሳያነብ ይፈርማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋስትናው እስከ ስንት ብር እንደሆነ በውሉ ካልተገለጸ አይጸናም ይላል። ስለዚህ መጠኑ በአኃዝም በፊደልም መጻፉን ሳታዩ እንዳትፈርሙ። መጠኑ የልጅቷን የብዙ ዓመት ደመወዝ የሚያህል ከሆነ፣ ለእንዲህ ዓይነት ሥራ የሚከፈል ከባድ ዋጋ ነው። ሣጥኑን ከእርሷ በቀር ሌላ ሰው ይነካው እንደሆነ፣ ሒሳቡንም ከእርሷ ጋር ማን እንደሚቆጥር ይጠየቅ። «የትምህርት ማስረጃሽን ኦሪጅናሉን እዚህ አስቀምጪ» የሚል አሠሪ ከመጣ ግን፣ እኔ በበኩሌ ነገሩ እዚያው ላይ ይቁም እላለሁ። ኦሪጅናል ይታያል፣ ከኮፒው ጋር ይመሳከራል፣ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ በቃ።

የሙከራ ጊዜን በተመለከተ፣ በጽሑፍ የሚደረግ ሆኖ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። በሳምንት 6 ቀን ለሚሠራ 10 ሳምንት መሆኑ ነው። ብዙ ሰው ሙከራው ለአሠሪው ብቻ ይመስለዋል። ሠራተኛዋም በዚያ ጊዜ ውስጥ ሥራውን አይታ ካልጣማት ያለ ማስጠንቀቂያ መተው ትችላለች። ከዚያ በኋላ ግን ለመልቀቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለባት።

«ትጠብቅ» ያላችሁትም ከነጭራሹ አልተሳሳታችሁም። የጽሑፍ ፈተና ተጠርታ ቀኑ የተነገራት ልጅ፣ ወይም የመውጫ ፈተናውን ደግማ ለመቀመጥ የምታጠና፣ ቤቷም እስከዚያ የሚያኖራት ከሆነ ትጠብቅ፤ ጥሩ ነው። ቀን የሌለው መጠበቅ ግን ላም አለኝ በሰማይ ይሆናል። አንዳንድ ቀጣሪዎችም ለጀማሪ ተመራቂ ማስታወቂያ ሲያወጡ የምረቃውን ዓመት ይወስናሉ። ቤት የተቀመጠም፣ ሱቅ የገባም እኩል ያልፈዋል፤ ስለዚህ ሥራ የያዘችውም ማመልከቻ ማስገባቷን እንዳታቆም።

የመውጫ በሩን ነገር ካነሣሁ አይቀር፣ በሩን የሚዘጋው አሠሪው ብቻ አለመሆኑን መናገር አለብኝ። ብዙ ጊዜ የምንዘጋው እኛው ወላጆች ነን። ልጅቷ «ለአንድ ዓመት ብቻ» ብላ ትገባለች። በሦስተኛው ወር የታናሽ ወንድሟ የትምህርት ቤት ክፍያ በእርሷ ላይ ይወድቃል፤ በስድስተኛው ወር የቤት ኪራዩ ይጨመራል። ዓመቱ ሲሞላ የተሻለ ግን ለሦስት ወር በዝቅተኛ ክፍያ የሚያሠለጥን ቦታ ታገኛለች፤ ያኔ «አንቺ ከለቀቅሽ እኛ ምን እንብላ?» ይባላል። ሥራው ሳይሆን ቤቱ ያስቀራታል ማለት ነው። ችግር መኖሩ አይካድም፤ ልጅም ቤተሰቡን መርዳት አለበት። ነገር ግን ገና ከመግባቷ በፊት አባት፣ እናትና ልጅ ቁጭ ብለው «ከደመወዙ ይህን ያህሉ ለቤት፣ ይህን ያህሉ ለመጓጓዣና ለምሳ፣ ይህን ያህሉ ደግሞ ለቅያሪው ጊዜ ይቀመጥ» ብለው ይነጋገሩ። ቀኑም ይወሰን፦ ለምሳሌ እስከሚመጣው መስከረም። መስከረም ሲደርስ እንደገና ይታይ።

እንግዲህ ለእኚያ እናት የምመልሰው ይኸ ነው። እትዬ፣ ሥራው ለሙያዋ ቅርብ ስለሆነ፣ ሒሳብ የማስታረቁ ነገር በውሉ ከገባ፣ ግብርና ጡረታው ከተቆረጠ፣ የዋስትናውም ልክ ከታወቀ ትግባ። ከነዚህ ውስጥ «ግብር አንቆርጥም፣ ውልም አንጽፍም» ካሏት ግን ይቅርባት፤ ሌላ ሱቅ አይጠፋም።

ውል ወይም የዋስትና ወረቀት የተሰጣችሁ፣ ልጆችም ሆናችሁ ዋስ የተጠየቃችሁ ጎረቤቶች፣ ከመፈረማችሁ በፊት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይዛችሁ ኑ፤ ቁጭ ብለን አብረን እናነበዋለን። መነጽር ያላችሁ መነጽራችሁን አትርሱ፤ የእነዚህ ውሎች ጽሑፍ በጣም ደቃቅ ነው።