የሚያበራ ሰይፍ በላስታ ዓለት ፊት



ዛሬ የምናገረው በእጅ ስልክ በተቀረጸ የጨዋታ ቪዲዮ ላይ የሚያበራ ሰይፍ ስለ መጨመር ነው። ርእሱ አባቶች፣ መምህራንና የላሊበላ ወጣቶች ለተሰበሰቡበት ጉባኤ ቀለል እንደሚልባችሁ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ የብርሃን ሰይፍ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 3 የገነትን መንገድ ከሚጠብቁት ኪሩቤል ጋር የነበልባል ሰይፍ ያነሣል። ሠዓሊዎቻችንም ሚካኤልንና ገብርኤልን ሰይፋቸውን እንደ መዘዙ በመቅደስ በር ላይ ሲያቆሟቸው ኖረዋል። ሥዕሎቹን ልብ ብሎ ላያቸው ሰው ግን ሰይፉ በአጠገቡ ያለውን ክንፍም ሆነ ፊት አያበራም። በቆየው አሣሣላችን ብርሃን ከአንድ ወገን አይመጣም፤ ቅዱሱ ሁለንተናው ብሩህ ነው። ለሥዕሉ ያ ይበቃዋል። ካሜራ ግን ብርሃንንም ጥላንም እንደ አመጣጡ ይመዘግባል። ስለዚህ በቪዲዮ ላይ የምንጨምረውን ሰይፍ ተመልካች የሚያምነው በዙሪያው ባለው ነገር ላይ በሚጥለው ብርሃን ነው። የዛሬው ነገሬ እሱ ነው።

ይህን ለማወቅ የፊልም ባለሙያዎችም ብዙ ደክመዋል። በ1977 እ.ኤ.አ. ለወጣው ስታር ዋርስ ለተባለው ፊልም የሚያበሩትን ሰይፎች መጀመሪያ ብርሃን መልሶ በሚያንጸባርቅ ነገር ለብጠው፣ ከካሜራው አጠገብ መብራት አበሩባቸው። የተገኘው ብርሃን ደከመባቸው። በኋላ በተቀረጸው ፊልም ላይ ሰይፉን ፍሬም በፍሬም በእጅ ሣሉት። ዘዴው ሮቶስኮፕ ይባላል፤ ማክስ ፍሌይሸር ከ1915 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለካርቱን የተጠቀመበት ነው። ሰይፉ አማረ፤ የያዘው ሰው ፊት ግን ብርሃን አልነካውም። በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣው የዚሁ ፊልም ተከታይ ላይ ነው ተዋንያኑ በቀረጻው ጊዜ በራሱ የሚበራ ዘንግ የያዙት፤ ያኔ ሰማያዊውና ቀዩ ብርሃን በእውነት ጉንጫቸው ላይ ወደቀ። በመካከሉ፣ በ2003 እ.ኤ.አ.፣ ራያንና ዶርክማን የተባሉ ሁለት አማተሮች የራሳቸውን ፍልሚያ ቀርጸው ሰይፉን በኮምፒውተር ጨምረውበት ዝናቸው በዓለም ተሰማ። ስቱዲዮ አልነበራቸውም።

እናንተስ በምን ትሠሩታላችሁ? የገና ዱላ ጫፉ ቆልማማ ስለሆነ ለዚህ አይመችም። ልጡ የተላጠ፣ ቀጥ ያለ ሽመል ያዙ፤ ነጣ ማለቱ ኋላ ስትከተሉት ዓይናችሁን ያግዘዋል። ስልኩን በድንጋይ አስደግፋችሁ አቁሙት፤ የብርሃን መጠኑንም ቆልፉት፤ አለዚያ ሽመሉ ባለፈ ቁጥር ስልኩ ምስሉን ያደምቀዋል፣ ያደበዝዘዋል። በሰከንድ 25 ፍሬም ከቀረጻችሁ የሦስት ሰከንድ ፍልሚያ 75 ምስል ነው። በእያንዳንዱ ላይ የሽመሉን ግርጌና ጫፍ ተከትላችሁ ማስክ፣ ማለትም የሰይፉን ቅርጽ የሚለይ ክልል፣ ትሠራላችሁ። ውስጡ ነጭ ይሁን። ከሥሩ ያንኑ ቅርጽ ቀለም ሰጥታችሁ፣ በብለር (በማደብዘዣ) አስፍታችሁ ትደርባላችሁ፤ ከዚያም ይበልጥ የሰፋና የሳሳ ሌላ ድርብ። ሽመሉ በኃይል ሲወነጨፍ በምስሉ ላይ የሚታየው እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ብዥታ ነው፤ ማስኩም ያንኑ ብዥታ መከተል አለበት። ቀጥ ያለ መስመር ያሰመረበት ሰው ሥራው ወዲያው ይታወቅበታል። ሽመሉ ከጓደኛችሁ ትከሻ ኋላ ሲያልፍም ማስኩ ትከሻው ላይ ይቆረጥ። ትዕግሥት የሚፈጀው ይህ ነው፤ አቋራጭ ነኝ የሚል አፕ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይሰናከላል።

ሽመሉን የያዘውን ልጅ ፊት ግን ኮምፒውተር ከሚያበራላችሁ አንድ ልጅ ከካሜራው ዕይታ ውጭ ሆኖ ሰማያዊ ፌስታል የተጠቀለለበት ባትሪ ይያዝና ሰይፉ በሚመጣበት ወገን ያብራ። ርካሽ ነው፤ ከየትኛውም አፕ ይበልጣል።

ብርሃን ዓለት ላይ ምን እንደሚሠራ ለማጥናት ደግሞ የነአኩቶ ለአብን ዋሻ ቤተ ክርስቲያን የሚያህል ትምህርት ቤት አላውቅም። ከከተማው ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ያለው ዋሻ አፉ ክፍት ስለሆነ የቀን ብርሃን የሚገባው ከአንድ ወገን ነው። ከፊት ያለው ድንጋይ ይደምቃል፣ ወደ ውስጥ እየጨለመ ይሄዳል። ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ጸበል በተቦረቦሩ ድንጋዮች ውስጥ ይጠራቀማል፤ ውኃው ብርሃኑን ተቀብሎ መልሶ ይጥለዋል። ይህን ቆሞ ያየ ልጅ ባትሪውን የት እንደሚይዝ አይጠፋውም። ለማየት ግቡ፤ ሽመሉ ግን ቤት ይቅር። ቦታው የጸሎት ነው፤ የፍልሚያ ጨዋታ በደጁም አያምርም።

ቀረጻውን ከሰፈር ወጣ ብላችሁ፣ ቀይ ዓለት ባለበት ገደል ሥር አድርጉት፤ ያውም ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ባለችው አጭር ድንግዝግዝ። በቀትር ፀሐይ፣ በነጭ ሰማይ ላይ የሚያበራ ነገር አይታይም። አንዳንድ ወላጆች ልጆቻችን ፍልሚያ ለምን ይጫወታሉ ይሉኛል፤ ሥጋታቸው ይገባኛል። ይህ ከተማ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የእውነተኛ ጥይት ድምፅ ሰምቷል። እኔ በበኩሌ ልጆቹ የጠመንጃ ጨዋታ ከሚቀርጹ በዓለም ላይ የሌለ መሣሪያ ቢይዙ እመርጣለሁ።

ብዙ ኢፌክት ማከማቸትም አያሻም። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣውና እዚሁ ኢትዮጵያ የተቀረጸው ክረምብስ የተባለው የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ሰማይ ላይ አንድ የጠፈር መርከብ ሰቅሎ፣ የቀረውን ሥራ ለመልክዓ ምድሩ ትቶታል።

የቀረው ድምፁ ነው። የስታር ዋርሱን ሰይፍ ድምፅ ቤን በርት የፈጠረው የፊልም ማሳያ ማሽን ሞተር ጉርምርምታን ከቴሌቪዥን ጩኸት ጋር ቀላቅሎ ነው። የበገና እዝታ ለዚህ ይስማማል የሚለኝ ወጣት አይጠፋም፤ በገና ግን የጾምና የጸሎት ነው፣ እሱን ተዉት። ወፍጮ ቤት ሄዳችሁ፣ እህል ሳይገባ ሞተሩ ብቻ ሲዞር ቅረጹት። ያንን በድምፅ ማጉያ ከፍታችሁ፣ ሌላ ስልክ እየቀረጸ ከማጉያው ፊት ወዲያና ወዲህ አወናጭፉት። በርትም ማይክሮፎኑን እንዲሁ እያወዛወዘ ነው የቀረጸው፤ ስልኩ ወደ ማጉያው ሲቀርብ ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲርቅ ይወፍራል፤ ጆሮም ሰይፉ ሲያልፍ የሰማ ይመስለዋል።