አስቀድማችሁ መስኮቱን ክፈቱ

አድማጮቼ፣ ከደሴም ከኮምቦልቻም ከሐርቡም በስልክና በጽሑፍ ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱ፣ የጠያቂዋ ድምፅ እየተለወጠ ነገሩ ግን ሳይለወጥ፣ ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲተካ እንደ ዘወትር ጸሎት እየተደገመ መምጣቱን ስላየሁ፣ ሌላውን ሁሉ ለሌላ ቀን አቆይቼ የዛሬውን ወጌን ለእርሱ ብቻ ልሰጠው ወደድሁ። ጥያቄው ይህ ነው፤ «የሴቶች ጸጉር ቤት አለኝ፤ የደንበኞቼን ሹሩባ እያነሣሁ ለሌሎች ላሳይ እፈልጋለሁና፣ ለጀማሪ የሚሆነው ካሜራ የትኛው ነው?»

ጥያቄው ሠናይ ነው። ከብዙ ጸጉር ቤቶች ገብታችሁ ግድግዳውን ብትመለከቱ፣ ስማቸውንም አገራቸውንም የማናውቃቸው፣ ጸጉራቸውም የኛን ጸጉር ፈጽሞ የማይመስል ሴቶች በወረቀት ታትመው ቁልቁል ሲያዩን፣ ከዚያው ወረቀት ሥር ቆማ ግማሽ ቀን ሙሉ ስትጎነጉን የዋለችው የገዛ አገራችን ባለ እጅ ግን፣ ሥራዋ በነጠላና በሻሽ ተሸፍኖ ከደጃፍ በወጣ ጊዜ ምስክር የሌለው ሆኖ ይቀርባታል። ስለዚህ ሥራዋን በፎቶግራፍ ለማስቀረት የምትሻውን ሁሉ አመሰግናለሁ። ነገር ግን፣ ልጆቼ፣ አትቀየሙኝና፣ ጥያቄውን የያዛችሁት ከጫፉ ነው። ሹሩባ ከጫፉ ተጀምሮ እንደማይጎነጎን ከናንተ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ከሥሩ ተይዞ ይወርዳል እንጂ። የፎቶግራፍ ሥሩ ብርሃን ነው፤ ካሜራው ጫፉ ነው።

በቅርቡ በአንድ ቅዳሜ ጧት ወደ ሐርቡ ወርጄ ነበር፤ የመንገዱንና የሙቀቱን ነገር ታውቁታላችሁና አላወራውም። በአውራ ጎዳናው ዳር ከምትሠራ፣ ስሟን ከማልጠራት አንዲት ጸጉር ሠሪ ቤት ብገባ፣ ሁለት ሴቶች ካስክ ሥር ተቀምጠዋል፣ አንዲት ሙሽራ ደግሞ ሹሩባዋ ተጨርሶላት መስተዋቱን ትመለከታለች፤ ባለቤቲቱም ሰላምታዬን ገና ሳልጨርስ ከመሳቢያዋ አንድ ካኖን 2000ዲ አውጥታ በሁለት እጇ አቀረበችልኝ።

«ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ፤ ዕቁቤን ሙሉውን አፍስሼበት ጸጉሩን እንደ ከሰል ክምር ያወጣብኛል። ያታለሉኝ ይመስለኛል።»

ካሜራውን አገላብጬ አየሁት፤ ደኅና ነው። ያልተመቸው የወንበሩ ቦታ ነበር። ሙሽራይቱ ጀርባዋን ለምሥራቁ መስኮት ሰጥታ ስለ ተቀመጠች፣ ፎቶግራፍ አንሺዋ ከመስኮቱ ጋር ፊት ለፊት ትጋጠማለች፤ ካሜራውም የመስኮቱን ጸዳል አይቶ፣ ይህ ሁሉ ብርሃን በዝቷል ብሎ ዐይኑን ሲያጠብ፣ ጥቁሩ ጸጉር በጨለማ ውስጥ ይሰጥማል። ወንበሩን አዙረን መስኮቱን ወደ ግራ ጎኗ አመጣነው፤ ጀምበሯ በቀጥታ እየገባች ስታስቸግር የባለቤቲቱን ነጠላ ተቀብዬ አንዱን ድርብ ብቻ በሁለት የጸጉር መቆንጠጫ መስኮቱ ላይ ሰቀልሁት፤ ጥላ በወደቀበት በቀኟም በኩል አንዲት ረዳት ነጭ ፎጣ ዘርግታ እንድትቆም አደረግሁ። ከዚያም ካሜራውን ወደ ጎን ትቼ በባለቤቲቱ በራሷ ስልክ አንድ ጊዜ አነሣሁና አሳየኋት። እያንዳንዱ ጉንጉን ከጎረቤቱ ተለይቶ፣ በመካከላቸውም የሚያልፈው የራስ ቆዳ መሥመር እንደ ክር ቀጥኖ ይታይ ነበር።

«ኧረ ጋሼ! ይህ ሁሉ በነጠላ ነው?»

«ነጠላው ባሳለፈው ነው፣ ልጄ።»

ምሥጢሩ ረቂቅ አይደለም። በቦርከና ዳር የታረሰውን ማሳ በቀትር ብትመለከቱት አንድ ወጥ ሜዳ ይመስላል፤ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ግን ብርሃኗ ከጎን ስለሚያልፍበት ትልሙ ሁሉ አንድ ወገኑ በርቶ፣ አንድ ወገኑ ጠቁሮ፣ እስከ ማሳው ዳርቻ ድረስ ተለይቶ ይቆጠራል። ሹሩባም ማሳ ነው፤ ብርሃን ከፊቱ ወይም ከጣራው ሲወርድበት ይዳጣል፣ ከጎኑ ሲመጣበት ይነሣል። የነጠላውም ሥራ የጀምበሯን ኀይል ማለዘብ ነው፤ ቅቤና ቅባት የነካው ጸጉር ጠንካራ ብርሃን ባረፈበት ስፍራ ሁሉ ነጭ ነጥብ እያወጣ ጥበቡን ይሸፍነዋልና። ሰዓቱንም ብትጠይቁኝ፣ ከጧቱ ከ2 እስከ 4፣ ከቀትር በኋላም ከ9 እስከ 11 ሰዓት ያለው ይመረጣል።

አንዳንዶቻችሁ «ይህስ ገባን፤ ካሜራውን ንገረን» ስትሉ ይሰማኛል። ትንሽ ታገሡኝ። ብርሃን በመጀመሪያው ቀን መፈጠሩን ከልጅነታችን ሰምተን እያደግን፣ ወደ ገበያ ስንወጣ ቅደም ተከተሉን የምናፋልሰው ስለ ምንድር ነው? በጨለማ ቤት ውስጥ ውድ ካሜራ የያዘች ሴት፣ ጤፍ ሳይኖራት ምጣድ እንደ ገዛች ሴት ናት።

ደግሞም ጸጉርን በፎቶግራፍ ማስቀረትን እንደ ቀላል የቅንጦት ጉዳይ እንዳታዩት አንድ ታሪክ ላስታውሳችሁ። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ፣ ወደዚሁ ወደ ወሎአችን የዘመተው የእንግሊዝ ጦር፣ ከመድፉና ከዝሆኑ ጋር ፎቶግራፍ አንሺዎችንም ይዞ ነበር። ይሁን እንጂ በሹሩባቸው የሚታወቁት ዐፄ ቴዎድሮስ በሕይወት ሳሉ የተነሡት ፎቶግራፍ አይታወቅም፤ የተረፈው ከራሳቸው ተቆርጦ የተወሰደው ጸጉር ነው፤ እርሱም ለንደን ካለው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ወጥቶ ለኢትዮጵያ የተመለሰው ከ151 ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት ወር 2011 ዓ.ም. ነው። ጸጉር ለሰው ክብሩም ታሪኩም መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚመሰክር አላውቅም። ናይጄሪያዊው ፎቶግራፍ አንሺ ኦክሃይ ኦጀይከሬም ይህን ተረድቶ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1950 ብራውኒ በምትባል ተራ ካሜራ ሙያውን የጀመረ ሰው፣ ከ1968 አንሥቶ የአገሩን ሴቶች የጸጉር አሠራር ወደ አንድ ሺህ በሚጠጋ ፎቶግራፍ መዝግቦ፣ በ2014 ሲያርፍ ለአፍሪካ ትልቅ መዝገብ ትቶላት አልፏል። አብዛኛውንም ያነሣው ከጀርባ ነው። ይህን ከጀርባ የሚለውን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ ወደ ካሜራው። በእጃችሁ ደኅና ስልክ ካለ መጀመሪያ እርሱን ሞክሩ፤ ግን ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ የስልኩን ሌንስ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፤ የናንተ ጣት ቀኑን ሙሉ ቅባት ውስጥ ስለሚውል፣ ጉም የለበሰ የሚመስለው ፎቶግራፍ ሁሉ ጥፋቱ የስልኩ ሳይሆን የጣታችሁ ነው። ሁለተኛ፣ ወደ ራስ ቅሉ አትጠጉ፤ የስልክ ሌንስ ሰፊ ስለሆነ በቅርብ ሲያዩት የቀረበውን አግዝፎ የራቀውን አኮስሶ ራሱን እንቁላል ያስመስለዋል። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሂዱና ምስሉን ወደ እናንተ ሳቡት።

ካሜራ ካስፈለገ ግን፣ ካኖን 2000ዲ ይሁን ኒኮን ዲ3500 ወይም ሶኒ ኤ6000፣ ለዚህ ሥራ ሁሉም ይበቃል፤ ሦስቱም ፒክስል የሚባለውን ነጥብ 24 ሚሊዮን ያህል ያነሣሉ። ሻጩ «ይኸኛው ከዚያ ይበልጣል» እያለ በነጥብ ብዛት ቢያስጎመጃችሁ፣ ደንበኛችሁ ፎቶግራፉን የምታይበት የስልክ ገጽ ወርዱ 1080፣ ቁመቱ 1920 ነጥብ ቢሆን፣ ተባዝቶ ከሁለት ሚሊዮን ብዙም እንደማያልፍ አስታውሱት። የሚተርፋችሁን ገንዘብ ለሌንስ አውሉት። ከካሜራው ጋር የሚመጣው፣ በካኖንና በኒኮን ከ18 እስከ 55፣ በሶኒ ደግሞ ከ16 እስከ 50 ሚሊሜትር ያለው ሌንስ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል፤ ቀጥሎ የሚገዛው 50 ሚሊሜትሩ፣ ኤፍ 1.8 የሚባለው፣ ዋጋውም ከሌሎቹ ቀለል ያለው ነው፤ ከሁለት ሜትር ያህል ርቀት ራስንና ትከሻን ሳያጣምም ይይዛል። ነገር ግን ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ እስከ 1.8 ይከፈታል ተብሎ ሁልጊዜ ወለል አድርጎ መክፈት አይገባም፤ የግንባሩ ጉንጉን ጠርቶ የማጅራቱ ይደበዝዛልና፣ ሹሩባ ስታነሡ ወደ 5.6 ወይም ወደ 8 አጥብቡት። አጥብባችሁ ስታነሡ ደግሞ የሚጎድለው ብርሃን ነው። አያችሁ? በየት በኩል ብንዞር ወደዚያው ወደ መስኮቱ እንመለሳለን።

በካሜራው ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍም ተዋወቁት። ካሜራ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ አመድማ ቀለም ሊያመጣ የሚጥር ፍጥረት ነው። ጥቁር ጸጉር ከጥቁር ሽርጥ ጋር ከገጠመው፣ ጨለመ ብሎ ስለሚያበራው ጸጉሩ አመድ ይመስላል፤ ያን ጊዜ ወደ መቀነስ አንድ እርምጃ ሂዱ። ጀርባው ነጭ ግድግዳ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣልና ደምሩለት።

ሰዓቱ እየገሠገሠ ስለ ሆነ የቀረውን አሳጥሬ ልናገር። ፍላሹን ወደ መስተዋት አቅጣጫ አትተኩሱ፤ ከመስተዋቱም ፊት ለፊት አትቁሙ፣ አለዚያ ከሙሽራይቱ ኋላ የናንተን ካሜራ ስናይ እንውላለን። በመስኮት ብርሃን ስታነሡ አምፖሉን አጥፉ፤ ሁለቱ ብርሃን ቀለማቸው ስለማይስማማ ጸጉሩ ግማሹ ቢጫ ግማሹ ሰማያዊ ይሆናል። በማታ በመብራት ብቻ ስትሠሩ ምስሉ ላይ ጥቋቁር ሰንበር ከታየ፣ የአገራችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነውና የመዝጊያውን ፍጥነት ወደ አንድ ሃምሳኛ ወይም ወደ አንድ መቶኛ ሰከንድ አምጡት። ያገለገለ ካሜራ የምትገዙ፣ ቀዳዳውን እስከ 16 አጥብባችሁ ነጭ ግድግዳ አንሡና አጉልታችሁ ተመልከቱ፤ በየጊዜው ከአንድ ስፍራ የማይነቃነቅ ነቁጥ ካያችሁ በውስጡ አቧራ አለ። ሌንሱንም ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ሻጋታ እንደ ሸረሪት ድር እንዳልዘረጋበት መርምሩ። መለዋወጫ ባትሪ አትርሱ።

የቴክኒክ ባለሙያው ከስቱዲዮው መስተዋት ወዲያ ጣቱን እያሳየኝ ነው። አንድ ነገር ብቻ፤ እስከ መጨረሻ ማቆየቴም የራሴ ጥፋት ነው። ጸጉሩ የናንተ አይደለም። በአገራችን፣ በሐርቡም ሆነ በኮምቦልቻ፣ ጸጉሯን ከቤተ ሰቧ በቀር ለማንም የማታሳይ እኅት ከናንተ ወንበር ላይ ሻሿን የምትፈታው አምናችሁ ነው። ከጀርባ ማንሣት ፊቷን ይሰውራል፤ ጸጉሯን ግን አይሰውርም። ስለዚህ ከማንሣታችሁ በፊት አንድ ጊዜ፣ ለሌላ ከማሳየታችሁ በፊት ሁለተኛ ጊዜ ጠይቁ፤ «ይቅርብኝ» ካለች ምክንያት አታስቆጥሯት፤ ለሕፃንም እናቷን ጠይቁ። ይህ የአደብ ነገር ብቻ አይደለም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥም ከልክሏል።

በሉ እንግዲህ፣ ነገ ጧት በ2 ሰዓት ወንበራችሁን ወደ መስኮቱ አዙሩ፣ ነጠላችሁን ስቀሉ፣ ፈቃድ የሰጠቻችሁን አንዲት ደንበኛ በያዛችሁት ስልክ ዐሥር ጊዜ አንሡ። ከዚያም በኋላ ካሜራ የሚያስፈልጋት ብትኖር ትጻፍልኝ፤ እመልስላታለሁ። የሐርቡዋ ልጅ እንደሆነች ካሜራዋን ወደ መሳቢያዋ አልመለሰችውም፤ አዲስም አልገዛችም። ወንበሯ ግን ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ በመስኮቱ አጠገብ ነው።