ውኃ አታብዙባት

ዛሬ ልቤ ያለው ድሬዳዋ፣ ከአንድ ግቢ አጥር ሥር ነው። እዚያ የበረሃ ጽጌረዳ አብባለች፤ ቅጠል ሳታወጣ፣ በራቁት ቅርንጫፏ ላይ ደማቅ ሮዝ አበባ። ውኃዋን የምታጠራቅመው ባበጠ ግንዷ ውስጥ ነው። ፎርስኮል የተባለው አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1775 በታተመው መጽሐፉ «ወፍራም» የሚል የላቲን ስም ሰጥቷታል።

ሙሉ ፀሐይና ውኃ የማይቋጥር አሸዋማ አፈር ይበቃታል። እኛ ግን ስለምንወዳት ጠዋት ማታ እናጠጣታለን፤ ሥሯ ይበሰብሳል። እኔም አንዷን እንዲሁ አጥቻታለሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አፈሩ እስኪደርቅ ታገሷት። በበጋ ቅጠሏን ስታራግፍም ሞተች ብላችሁ አትንቀሏት፤ ዕረፍቷ ነው። ስትገርዟት ግን ተጠንቀቁ፦ ፈሳሿ መርዝ ነው፣ አዳኞች ቀስታቸውን ይቀቡበት ነበር። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ሕፃናትንም አታስጠጉ።