ፍሬሽ



«ፍሬሽ» የምትለዋን ቃል ግቢ በገባን ዕለት ነው የሰማናት። ሲኒየሮች «ፍሬሽ መጣ!» ሲሉን መንገድ የጠፋበት፣ ካፌ ሰልፍ ላይ የሚቀደም ማለታቸው ነበር። ኋላ አሜሪካ ስሄድ ቃሏ ሌላ ሆና ጠበቀችኝ። ለወጣቶቹ ያማረ ጫማ ፍሬሽ ነው፤ እኛ «አሪፍ» እንደምንለው። አንዲት ትልቅ ሴት ግን «ፍሬሽ አትሁንብኝ» ካለችህ፣ አፍህን ሰብስብ ማለቷ ነው።

እኔ የምወደው የግቢውን ነው። «ተመራቂ» ስንል በመጀመሪያው ሴሚስተር ዲስሚስ ተብለው ሻንጣቸውን ይዘው የወጡትን እንተዋለን። «ፍሬሽ» ስንል ግን እነሱም አሉበት። እባካችሁ፣ ለሚቀጥለው ዝግጅት እነሱንም እንጥራ። የገባነው አብረን ነው።